በይሉኝታ የተመረጠ ማደንዘዣ

ናይሮቢ ውስጥ የኛ ሰው ሲታመም ሁለት ሐኪም አለው። አንደኛው ሆስፒታል ይገኛል። ሁለተኛው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኪሊማኒ በሚገኝ ምግብ ቤት ሁለት ጠረጴዛ ገጥሞ የሚቀመጠው ጉባኤ ነው። አንደኛው አልፎ አልፎ ይሳሳታል። ሁለተኛው ተሳስቶ አያውቅም፤ ባለፈው ሳምንት ምን እንዳለ የሚያስታውስ ስለሌለ።

ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። የጉባኤው ቋሚ አባል ነበርኩ። የራሳችንን ሁለት ሺህ ዓመት በርችት ተቀብለን ብዙም ሳንቆይ ነው፤ እኔ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ሪፖርት አርም ነበር። ሥራዬ ሌሎች የጻፉትን ማንበብ ስለሆነ፣ ባላነበብኩትም ነገር ላይ አስተያየት አላጣም ነበር።

ሕመምተኛው የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። ኪሌሌሽዋ ይኖራል፤ አስተርጓሚ ነው። በዓለም አቀፍ ስብሰባ አዳራሽ ጀርባ፣ በመስታወት በተከለለች ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ተናጋሪው እየተናገረ ሳለ እየተከተለ ወደ አማርኛ ይመልሳል። በጆሮው አዲሱን ዐረፍተ ነገር ይሰማል፣ በአፉ ያለፈውን ይናገራል፣ በመካከል ያለውን ደግሞ ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞ ያቆያል። ለቅጽበት ከሸሸው፣ ሚኒስትሩ ያላሉት ነገር በስማቸው ተነግሮ ያድራል። ብዙ ሚኒስትሮች ከዚህ ተጠቅመዋል፤ ግን ደመወዙ የሚከፈለው ለዚያ አይደለም።

ሳል አልለቀው ብሎ ቢመረመር፣ በቀኝ ሳንባው ታችኛው ክፍል ላይ ሎሚ የምታህል ዕጢ ተገኘች። ደረቱ ተከፍቶ ትወጣለች ተባለ። ስለ ዕጢዋ ለጥቂት ቀናት ተጨነቀ፤ እንደማንኛውም ሰው። ከማደንዘዣ ሐኪሟ ጋር ከተነጋገረ በኋላ ግን ዕጢዋን ጭራሽ ረሳት።

ሐኪሟ ኬንያዊት ናቸው፤ በኛ ዕድሜ ገደማ፣ ንግግራቸው የተመጠነ፣ የማይስቁ። ከሱና ከሚስቱ ጋር እኔም ገብቼ ነበር፤ ማንም ሳይጠራኝ። ነገሩን ሲያስረዱን እንዲህ ነው። ዕጢዋን ለማውጣት የቀኙ ሳንባ እንደ ተነፈሰ ኳስ እንዲተኛ ይደረጋል። ያን ሁሉ ጊዜ ሰውየው የሚተነፍሰው በአንዱ ሳንባ ብቻ ነው። ደሙ ግን ልማዱን አይተውም፤ ወደተኛውም ሳንባ ይሄዳል፣ ኦክስጅን ሳይዝ ባዶውን ይመለሳል። አንጎል ደግሞ ባዶ እጁን የመጣ እንግዳ አይወድም። ስለዚህ ግንባሩ ላይ ፕላስተር የመሰለ ነገር ይለጠፍና፣ ብርሃን ወደ ውስጥ እየላከ የአንጎሉን ኦክስጅን በቁጥር ያሳያል።

ሰው የሚተኛበት መንገድ ሁለት ነው አሉ። አንዱ በቱቦ ገብቶ ከአየር ጋር የሚተነፈስ ጋዝ፤ ሌላው በደም ሥር የሚሰጥ፣ ወተት የመሰለ ነጭ መድኃኒት። ጋዙ የአንጎልን የደም ሥሮች ዘና ስለሚያደርጋቸው ደሙ መሄዱን አያቋርጥም፤ ቁጥሩም ደህና ሊቆይ ይችላል። ነጩ የአንጎልን ረሃብ ይቀንሳል፤ ወደ አንጎል የሚሄደውንም ደም አብሮ ይቀንሳል። በሌላ በኩል ከነጩ ሲነቁ ማቅለሽለሹ ይቀላል። በኋላ ለማሰብና ለማስታወስ የትኛው ይሻላል ስንላቸው፣ አንዱ ጥናት ይህን ሌላው ያን ይላል፣ እርግጠኛ የሆነ ሰው ካገኛችሁ አንድ ጥናት ብቻ ያነበበ ነው አሉን። ከመድኃኒቱ ይልቅ ቁጥሩ ሲወርድ ቶሎ የሚያይ ሰው አጠገብ መኖሩ ይበልጣል፤ እሱ ደግሞ የሳቸው ሥራ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም መልካም ነበር። የሐኪሟ ብቸኛ ጥፋት በመጨረሻ፣ ደንቡ ስለሚል ይመስለኛል፣ «እርስዎስ የትኛውን ይመርጣሉ?» ብለው መጠየቃቸው ነው። የኛን ሰው ምረጥ ማለት ስብሰባ ጥራ ማለት መሆኑን ማን ይንገራቸው?

ስብሰባው እሑድ ተደረገ። ውይይቱን የመራው የአየር መንገዱ ሰው ነው። ሥራው መሃል ከተማ ቢሮ ተቀምጦ ትኬት መቁረጥ ነው፤ ሆኖም አውሮፕላን ላይ የኦክስጅን ጭምብል ስላለ፣ በኦክስጅን ጉዳይ ከሱ በላይ የሚናገር አልነበረም። ከፍታ ላይ አየር ሲሳሳ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ማመዛዘኑን ነው፣ ማመዛዘኑን ማጣቱን ግን አያውቅም አለ። ይህን ሲል ፊቱ ላይ የነበረው እርግጠኝነት ለአባባሉ ጥሩ ምስክር ነበር። ጋዝ ይሻላል የሚል ወገን ተፈጠረ፣ ደም ሥር የሚልም ተፈጠረ። እኔ ብዙኃኑ ወዴት እንደሚያዘነብል እስኪታወቅ ዝም አልኩ፤ ልቃወመው።

ይህን ጊዜ የምግብ ቤቱ ባለቤት መጡ። ጋሼ እንላቸዋለን። አዲስ አበባ እያሉ የአንድ መሥሪያ ቤት መምሪያ ኃላፊ ነበሩ፤ አሁንም ሒሳብ ሲጠየቁ ማመልከቻ የቀረበላቸው ይመስላሉ። ባለፈው ዓመት እሳቸውም ደረታቸውን ተከፍተዋል፣ በዚያው ሆስፒታል፣ በዚያችው ሐኪም እጅ። እጃቸውን ጓደኛዬ ትከሻ ላይ ጣል አድርገው፣ «እኔ በደም ሥር ነው የተኛሁት» አሉ። «ይኸው፣ እዩኝ።»

አየናቸው። በዚያች ደቂቃ ፊቴ ያስቀመጡት ያላዘዝኩት ጥብስ ነበር። እኔ ሽሮ ነው ያልኩት። ያለፈውም እሑድ ሽሮ ብዬ ዓሣ ነው የመጣልኝ። የአየር መንገዱ ሰው ጥፍሮቹን መመርመር ጀመረ። 

ጋሼ ወደ ጓዳ እንደተመለሱ ጉባኤው በሹክሹክታ አንድ ድምፅ ሆነ፤ ጋዝ። አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም ብዬ ተቃወምኩ፤ ግን ጥብሱን እየበላሁ ስለነበር ክርክሬ አልጠነከረም። ጓደኛዬም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ውሳኔው አለቀ።

ጋሼ ፎጣ ይዘው ሲመለሱ፣ «እህስ፣ ምን ወሰናችሁ?» አሉ።

ጓደኛዬ ቀና ብሎ አያቸው። «እንደ እርስዎ ነው ጋሼ» አለ። «በደም ሥር።»

ወደ ኪሌሌሽዋ ስንመለስ መኪናውን የምትነዳው ሚስቱ ነበረች። መሃል ከተማ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ ቀኑን ሙሉ ከዋጋ ተከራካሪ ጋር ስለምትውል ለትርፍ ቃል ጊዜ የላትም። ጋዝ ተባብላችሁ አልነበረም ወይ አለችው። «እና ፊት ለፊት ምን ልበላቸው?» አለ። «እንደ እርስዎ መሆን አልፈልግም ልበል?» እሷ ከፊታችን ድንገት የቆመ የማታቱ ታክሲ ላይ ጥሩምባ ለረጅም ጊዜ ነፋች።

የሰው አንጎል በብዙ ነገር ተኝቶ ያውቃል። በይሉኝታ ሲተኛ ያየሁት የዚያን ጊዜ ነው።

ጋሼ በምርጫው እጅግ ስለተደሰቱ ውለታ መመለስ ፈለጉ። በሳምንቱ ጓደኛዬን ጠርተው ጥግ አስቀመጡትና፣ እኔም ሳልጠራ ተከትየው፣ ሆስፒታሉ የሚሰጠውን የማስታወስ ፈተና ነገሩት። ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንዲት ወጣት ትመጣለች፤ ዐሥራ አምስት የእንግሊዝኛ ቃላት ደጋግማ ታነባለች፣ ያስታወስከውን ንገረኝ ትላለች። ከዚያ ስለሌላ ነገር አጫውታህ መልሳ ትጠይቅሃለች። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም እንዲሁ ይደረጋል፤ የፊቱንና የኋላውን ያስተያዩታል። «እኔ ሳልዘጋጅ ገብቼ አራቱን ጣልኩ፤ አፍሬ ለኋላው አልሄድኩም» አሉ ጋሼ። «አንተ እንኳ አታዋርደን።» ከዚያም ጣታቸውን እያጠፉ ዘረዘሩለት፤ ባልዲ፣ ድልድይ፣ ሽንኩርት፣ ጃንጥላ፣ አጎት፣ መሰላል፣ እያሉ እስከ መጨረሻው፣ አንዱንም ሳይዘሉ። ያን ጊዜ ልብ ያላልነውን አሁን ሳስበው እገረማለሁ። የአንድ ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ዐሥራ አምስት ቃላት በተርታ የጠሩልን፣ ከማደንዘዣው ወዲህ ሰው አይደሉም ብለን የፈረድንባቸው ሰው ነበሩ። ሽሮና ጥብስ ግን ይምታታባቸው ነበር፤ ሽሮ ማን እንዳዘዘ አስበውበት አያውቁማ።

እኛ ማትሪክ የወሰድን ትውልድ ነን። ፈተና ሲባል የሚገባን አንድ ነገር ነው፤ ማለፍ። ፈተናው ለተፈታኙ ጥቅም ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ በሥርዓተ ትምህርታችን ውስጥ አልነበረም። ጓደኛዬ፣ ሁለት ቋንቋ በአንድ ጊዜ የሚያሽከረክረው ሰው፣ ቃላቱን እንደ ዳዊት ደገመ። ገላውን ሲታጠብ ይደግማል፣ ሚስቱ እራት ስታቀርብ ይደግማል። ፈተናው ሲመጣ ሁሉንም መለሰ። ወጣቷ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም አለች መሰለኝ፤ ወሬው እሱ ከሆስፒታሉ ሳይወጣ ኪሊማኒ ደርሶ እንደ አገር ድል ተቆጠረ።

ቀዶ ሕክምናው በደህና አለቀ። ሳንባው ሲተኛ ግንባሩ ላይ ያለው ቁጥር መውረድ ጀምሮ ነበር፤ ሐኪሟ ኦክስጅኑንና የደም ግፊቱን አስተካክለው መለሱት። ዕጢዋም ክፉ እንዳልሆነች ታወቀ። ይህ ዜና ለሌላ ሕዝብ ቢነገር እልል ይባልለት ነበር። እኛ «ተመስገን» ብለን አለፍነው። የመጣነው ለሌላ ጉዳይ ነው።

ለጥየቃ የመጣው ሁሉ ብርቱካን በአንድ እጁ፣ ጥያቄ በሌላው ይዞ ነበር። ማንም በግልጽ ልፈትንህ አይልም። የዚያ የታሪክ አስተማሪያችን ስም ማን ነበር እባክህ፣ ጠፋብኝ ይላሉ። ነርሷ «ፖሌ» እያለች፣ በስዋሂሊ አይዞህ ማለቷ ነው፣ በሰው መካከል ተሽሎክልካ ክኒኑን ትሰጠዋለች። የአየር መንገዱ ሰው ብቻ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም። አልጋው ላይ አጎንብሶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለደንቆሮ እንደሚናገር ሰው፣ «እኔ ማን ነኝ?» አለው።

«ትኬቴን ሁለት ጊዜ ያበላሸኸው» አለ ጓደኛዬ።

ክፍሉ በእፎይታ ሳቀ። ምርመራው በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር።

ቁስሉ ድኖ ከቤት መውጣት ሲጀምር ሁለተኛው ፈተና ደረሰ። ወጣቷ መጥታ ቃላቱን አነበበች፤ ባልዲ የለም፣ ድልድይ የለም። አዲስ ቃላት ናቸው። ማንኛውም ሐኪም እንደሚያደርገው፣ ሰውየው የፊቱን አስታውሶ እንዳያሳስት ለውጠውታል። ጓደኛዬ እንደ አብዛኛው ሰው ዘጠኙን አስታወሰ፣ እንደ አብዛኛው ሰው ስድስቱን ጣለ። ከፊተኛው ጋር ሲተያይ ግን ከተራራ የወደቀ ሰው ነበር።

ሐኪሟ ይህን ቸል ማለት አልቻሉም። ወደ መስታወቷ ክፍል መመለስ የሚችለው እሳቸው ሲፈርሙ ነው፤ ካልተመለሰ ደግሞ ውሉ አይታደስም። ጥቂት ጊዜ እንጠብቅ፣ ብዙ ሰው ላይ ቀስ እያለ ይስተካከላል ብለው አሰናበቱት። ኪሊማኒ ላይ ወሬው እንደተሰማ በሹክሹክታ ጋዝ ያለው ሁሉ ጮክ ብሎ ጋዝ ብሎ እንደነበር አስታወሰ። ጋሼ ጥግ ላይ ባሉ ጊዜ ብቻ ርዕሱ ወደ ነዳጅ ዋጋ ይቀየራል።

ቤቱ ስሄድ ቴሌቪዥን ከፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የእንግሊዝኛውን ዜና በአማርኛ እየመለሰ አገኘሁት። አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ። ዜና አንባቢው ሄደ፣ እሱ ቀረ። አጠፋውና ወደ እኔ ዞረ።

ዘጠኝ ቃል የያዝኩት ከዕጢዋ በፊትም ዘጠኝ ስለምይዝ ይሆናል አለኝ። ላይሆንም ይችላል። መኮረጁን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ስለዚህ ተራራው የውሸት መሆኑ አያከራክርም። ግን ከውሸቱ ተራራ ሥር እውነተኛ ጉድጓድ ኖሮ ቢሆንስ?

«አሁን የሚጠፋኝ ቃል» አለ፣ «ድሮም ይጠፋኝ እንደነበር በምን ልወቅ?»

 

መናዘዝን እንደ መፍትሔ አነሣሁ። ሞቼ ነው አለ። ለኬንያዊት ሐኪም፣ አንድ ትልቅ ሰው፣ ለገዛ አንጎሉ ምርመራ ኮረጅኩ ይበል? ጋሼስ ምን ይሆናሉ? አንጎሉ ሲያጠራጥረው እንኳ ይሉኝታው ምንም እንዳልተነካ አየሁ፤ ግንባሩ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ይህን ክፍል ሳይለካው ቀርቷል።

ነገሩን የጨረሰችው ሚስቱ ናት። ለቀጠሮ ሄደው ሐኪሟ ለብቻዋ አነጋግረዋት ነበር። እኔና እሱ መኪናው ውስጥ ስንጠብቅ ነው ተመልሳ የገባችው፤ ሞተሩን አላስነሣችም። ሐኪሟ ያን የቁጥሩን መውረድ ደጋግመው እያሰቡት ነው። ምናልባት ጋዙን መምረጥ ነበረብኝ፣ ለሚቀጥለው እንደ እሱ ያለ ሰው ሳልለውጥ አልቀርም ብለዋታል።

«ሴትዮዋ ለሌላ ሰው መድኃኒት ልትቀይር ነው» አለችው። «አንተ ስለኮረጅክ።»

ከኋላ ወንበር ተቀምጬ የማደንቃቸውን ፈላስፎች ሁሉ በልቤ ጠራሁ፤ ከዚህ ያጠረ ያለ አላገኘሁም። ጓደኛዬ በሩን ከፍቶ ወረደ። ተከተልነው።

ሐኪሟ ሻያቸውን ይዘው ነበር። አልተቀመጠም። ይቅርታም አላለም። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ረጋ ብሎ፣ ጀመረ። ባልዲ። ድልድይ። ሽንኩርት። ጃንጥላ። አጎት። መሰላል። እስከ ዐሥራ አምስተኛው ሄደ፣ ቅደም ተከተሉን ሳያዛንፍ። ሐኪሟ መጀመሪያ በትዕግሥት፣ ቀጥሎ በግርምት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ፊታቸው እየጠቆረ ሰሙት።

«ከፈተናው በፊት ያውቋቸው ነበር» አሉ።

«አዎ።»

ማን ነገረዎት አሉ። ሦስታችንም ምንጣፉን ማየት ጀመርን። የምንጣፉን ቀለም ዛሬም አስታውሳለሁ። ሐኪሟ ጥቂት ጠብቀው ተስፋ ቆረጡ፤ ከእንግዲህ ከእናንተ አገር ለሚመጣ ሰው ቃላቱን በየጊዜው እለውጣለሁ አሉ። ቀልድ መሆኑን ለማወቅ ፊታቸውን አየሁ። አልነበረም።

«ታዲያ ጭንቅላቴ ደህና ነው ማለት ነው?» አለ ጓደኛዬ።

«ማለት አይደለም» አሉ። «ከዚህ በፊት ምን እንደነበሩ አላውቅም ማለት ነው። አሁን እርስዎም አያውቁም።»

ከዚህ የከፋ ነገር ለአንድ አስተርጓሚ ሲነገር አልሰማሁም። እሱ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ወርዶ አየሁት። ሐኪሟ ያቀረቡት ቀላል ነገር ነው። ለሙከራ እፈርማለሁ፣ ለግማሽ ቀን ብቻ፣ ሌላ አስተርጓሚ አጠገቡ ተቀምጦ። ከዚህ በፊት ሲሠራ ያውቀው የነበረ ሰው ደግሞ ያዳምጠው፤ የተለወጠ ነገር ካለ እሱ ይንገረኝ። ይህን ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ስንት ዓመት ያውቁታል አሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ አልኩ፣ በኩራት።

ስብሰባው የተደረገበት አዳራሽ ገብቼ የማላውቅበት አልነበረም። እዚያ ብዙ ሪፖርት አርሜያለሁ፣ ብዙ ብስኩት በልቻለሁ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ካደረግሁ በኋላ ግን አማርኛው በስንተኛው ቁጥር እንደሚገኝ አስተናጋጇን መጠየቅ ነበረብኝ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት እንግሊዝኛውን ስለምሰማ አዙሬው አላውቅም። ጓደኛዬ ከጀርባዬ፣ ከመስታወቱ በስተኋላ ሆኖ፣ ዕድሜውን ሲናገር ኖሯል፤ እኔ፣ የቅርብ ጓደኛው፣ የሥራ ድምፁን የሰማሁት የዚያን ቀን ነው።

ድምፁ ከቤቱ ድምፅ የተለየ ነበር፤ ዝግ ያለ፣ ችኮላ የሌለው። ተናጋሪው ሲንዛዛ እሱ ያሳጥራል። አንድ ቦታ ቆመ። ዝምታው ረዘመብኝ። ከዚያ ቃሉን አገኘው፤ ተናጋሪው ከተጠቀመበት የተሻለ ቃል ነበር። ዝምታው የማደንዘዣው ነው? ወይስ ጥሩ ቃል ሲፈልግ ሁልጊዜ እንዲሁ ነበር? ማታ ለሐኪሟ ስልክ ደውዬ የምነግራቸውን አውቄያለሁ፤ ያሁኑን ልነግርዎት እችላለሁ፣ የበፊቱን ግን ሰምቼው አላውቅም።

ዕረፍት ሲሆን ዞር አልኩ። ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አውርዶ፣ መስታወቱን ተጠግቶ፣ ዓይኖቹን አስፍቶ ያየኛል። እንዴት ነው እያለኝ ነው። ጥያቄው ከባድ እንደሆነ፣ መልሱም ጥንቃቄ እንደሚፈልግ፣ የመነሻ መለኪያ እንደሌለኝ ሁሉንም እያሰላሰልኩ ሳለሁ፣ አውራ ጣቴ ቀድሞኝ ተነሥቶ አገኘሁት።